ላብ ሲመረመር፦ ከሰውነት የሚወጡ ኬሚካሎችን በቆዳ ላይ ስለሚለኩ መሣሪያዎች

ሰው ዝም ብሎ በጥላ ሥር በተቀመጠበት ጊዜ እንኳ ከቆዳው ውኃ ይተናል። ግንባሩ ላይ የላብ ጠብታ አይታይም፤ እሱም ላበኝ አይልም። ይሁን እንጂ ከጤናማ ሰው ክንድ በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር የቆዳ ስፋት በሰዓት ከ5 እስከ 15 ግራም የሚገመት ውኃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ከውኃው ጋር ጥቂት ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ እንዲሁም እንደ አሴቶን ያሉ ተናኝ ንጥረ ነገሮች አብረው ይወጣሉ። ሰውየው ሥራ ሠርቶ ወይም ፀሐይ መትቶት በላበ ጊዜ ደግሞ ከ2 እስከ 4 ሚሊዮን የሚደርሱት የላብ ዕጢዎቹ ሶዲየም፣ ፖታሲየም፣ ክሎራይድ፣ ላክቴት፣ ዩሪያ፣ እጅግ በጥቂቱም ግሉኮስ ያለበትን ፈሳሽ ያፈልቃሉ።

ይህ ሁሉ ከሰውነት ውስጥ የሚመጣ ወሬ ነው። መርፌ ሳይወጋ፣ ደም ሳይቀዳ ይህን ወሬ ማንበብ ቢቻል የሕክምና ባለሙያም ሆነ ሕመምተኛው ምን ያህል እንደሚጠቀሙ መገመት አያዳግትም። ባለፉት ዐሥርት ዓመታት በርካታ ቤተ ሙከራዎች እንደ ሰዓት በእጅ የሚታሠሩ ወይም እንደ ፕላስተር በቆዳ ላይ የሚለጠፉ ዳሳሾችን፣ በተለምዶ ሴንሰር የምንላቸውን፣ ሠርተዋል። ጋዜጦች ስለእነዚህ መሣሪያዎች ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያደንቁት የዳሳሹን ረቂቅነት ነው። በዚህ ጽሑፍ ግን ትኩረታችን ከዳሳሹ ይልቅ በዳሳሹና በደሙ መካከል ባለው መንገድ ላይ ይሆናል። ጥቂት ሞለኪውሎች መኖራቸውን ማወቅ ዛሬ ያን ያህል አያስቸግርም። የሚያስቸግረው በቆዳ ላይ የተነበበውን ቁጥር በምን አባዝተን በሰውነት ውስጥ ወዳለው ቁጥር እንደምንደርስ ማወቅ ነው።

በቀላሉ የተሳካው ምርመራ

በላብ ምርመራ ከሁሉ የቀደመው ስኬት የመጣው ምንም ማባዣ ከማያስፈልገው በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1948 በኒውዮርክ ከተማ ኃይለኛ ሙቀት በወረደ ጊዜ በሙቀት ተዝለፍልፈው ወደ ሐኪም ቤት ከመጡት ሕፃናት መካከል ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የተባለው የዘር በሽታ ያለባቸው መብዛታቸውን ሐኪሞች አስተዋሉ። ፖል ዲ ሳንታኜዜና ባልደረቦቹ ነገሩን ተከታትለው የእነዚህ ሕፃናት ላብ ከልክ በላይ ጨዋማ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1953 አሳወቁ። እ.ኤ.አ. በ1959 ጊብሰንና ኩክ የተባሉት ተመራማሪዎች ፒሎካርፒን የተባለውን መድኃኒት በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ወደ ቆዳ በማስገባት ሕፃኑ ሳይሞቀው በአንድ ቦታ ብቻ እንዲያልበው የሚያደርግ ዘዴ አቀረቡ። ይህ ዘዴ እስካሁን በሥራ ላይ ነው። በላቡ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በሊትር 60 ሚሊሞልና ከዚያ በላይ ከሆነ የበሽታው ማስረጃ ሆኖ ይወሰዳል።

ምርመራው የተሳካበት ምክንያት ግልጽ ነው። የታመመው ራሱ የላብ ቱቦው ነው፤ ጨውን ወደ ሰውነት መልሶ መምጠጥ ተስኖታል። ስለዚህ ላቡን የለካ ሰው በሽታውን በቀጥታ ለካ ማለት ነው። ከላቡ ተነሥቶ ስለ ደም መናገር አላስፈለገም።

የስኳር ነገር

የስኳር በሽታ ግን እንዲህ አይደለም። ሕመምተኛው ማወቅ የሚፈልገው በደሙ ውስጥ ያለውን ግሉኮስ ነው፤ ላቡ ምን እንደሚመስል ለራሱ ለላቡ ሲል ግድ የለውም።

ግሉኮስን በኤሌክትሪክ የመለካት መንገድ የከፈቱት ሊላንድ ክላርክና ሊዮንስ እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። አሳባቸው ቀላልና ያማረ ነበር። ግሉኮስ ኦክሲዴዝ የተባለው ኢንዛይም በኤሌክትሮድ ላይ በስስ ሽፋን ይያዛል። ኢንዛይሙ ከሌሎች ስኳሮች ይልቅ ግሉኮስን ለይቶ ከኦክሲጅን ጋር ያዋህዳል፤ በዚህም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይፈጠራል። የቀነሰውን ኦክሲጅን ወይም የተፈጠረውን ፐርኦክሳይድ በኤሌክትሮዱ ላይ በሚፈጠረው ጅረት መለካት ይቻላል። ዛሬ በጣት ደም የሚሠሩት አነስተኛ መሣሪያዎችና በክንድ ላይ የሚለጠፉት ዳሳሾች ብዙዎቹ የዚህ አሳብ ልጆችና የልጅ ልጆች ናቸው።

እንግዲያው ይህንኑ ኤሌክትሮድ በላብ ላይ ለምን አናሳርፈውም? ማሳረፍ ይቻላል፤ ሆኖም በጾመ ጤናማ ሰው ደም ውስጥ ግሉኮስ በሊትር ከ4 እስከ 5.5 ሚሊሞል ገደማ ሲሆን በላብ ውስጥ ያለው የዚህ ሃምሳኛ ወይም መቶኛ እጅ ያህል ብቻ ነው። ሻይ በስኳር ሲጠጣ የቆየ ሰው ጣቱን በክንዱ ላይ ቢያሳርፍ ከላቡ የበለጠ ስኳር ሊያኖር ይችላል። በዚህ ላይ ላብ ሲበዛ ስኳሩ ይቀጥናል፤ ላብ ሲያንስ ደግሞ ውኃው ተንኖ ይወፍራል። የደሙ ስኳር ግን በሁለቱም ጊዜ አንድ ሊሆን ይችላል።

ችግሩን በሌላ መንገድ ለመዞር ከተደረጉት ሙከራዎች እጅግ የሚያስተምረው ግሉኮዎች የተባለው የእጅ ሰዓት ነው። ሲግነስ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው ይህ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ2001 በአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ተፈቅዶለታል። የፊዚክስ ተማሪ ሊያደንቀው የሚገባ አሠራር ነበረው። በቆዳ ላይ በሁለት ኤሌክትሮዶች መካከል አነስተኛ ጅረት ይላካል። በቆዳ ውስጥ ጅረቱን በአብዛኛው የሚሸከሙት የሶዲየም አዮኖች ናቸው፤ እነርሱ ወደ ኔጌቲቩ ኤሌክትሮድ ሲጓዙ ውኃን ይስባሉ፤ ውኃውም ቻርጅ የሌለውን ግሉኮስ ይዞ ይወጣል። ጎርፍ ገለባን እንደሚወስድ ማለት ነው። የወጣው ግሉኮስ በኢንዛይሙ ይለካል።

መሣሪያው ለመጀመር ሦስት ሰዓት ያህል መሞቅ ነበረበት፤ ከዚያም በጣት ደም መለኪያ እየታየ መታረም ነበረበት። ብዙ ሰዎችንም ቆዳቸውን አቃጠላቸው። ከሁሉ የከፋው ግን ሌላ ነው። ላብ የራሱን ጨውና የራሱን ግሉኮስ ስለሚጨምርበት ንባቡ ይበላሻል። ስለዚህ ሠሪዎቹ በጥንቃቄ አንድ ተጨማሪ ዳሳሽ አበጁለት፤ ሰውየው ሲያልበው ሰዓቱ ንባቡን ይዘልለው ነበር። እንደ መሐንዲስ ብናየው ትክክለኛ ውሳኔ ነው፤ የተበላሸ ቁጥር ከማሳየት ምንም አለማሳየት ይሻላልና። ነገር ግን ኢንሱሊን የሚወስድ ሰው የደም ስኳሩ በአደገኛ ሁኔታ ሲያሽቆለቁል ከሚታዩበት ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ማላብ ነው። ሌሊት ተኝቶ ሳለ ስኳሩ የወረደበት ሰው ያልበዋል፤ ሰዓቱም ይህን ጊዜ ዝም ሊል ይችላል። ከሁሉ ይልቅ በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። መሣሪያው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ከገበያ ወጣ።

ይህን ታሪክ ለተማሪዎቼ በምነግራቸው ጊዜ አንዳንዶቹ በኩባንያው ይሥቃሉ። መሣቅ የሚገባ አይመስለኝም። እያንዳንዱ የመሣሪያው ክፍል እንደታሰበው ይሠራ ነበር፤ ያልተያዘው በቆዳው ውስጥ የሚያልፈው መንገድ ነው። ዛሬ በስፋት የሚሠራባቸው ተከታታይ የግሉኮስ መለኪያዎች፣ ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ2014 በአውሮፓ ገበያ ላይ የዋለው ፍሪስታይል ሊብሬ፣ ችግሩን የፈቱት ከቆዳ በላይ መቆየትን በመተው ነው። እንደ ክር የቀጠነች ኤሌክትሮዳቸው ከቆዳ ሥር ገብታ በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ትነካለች። እዚያ ያለው ግሉኮስ ከደሙ ጋር ተቀራራቢ ነው፤ የሚዘገየውም በደቂቃዎች ብቻ ነው። ቆዳን ጨርሶ ሳይወጉ የደም ስኳርን እንለካለን የሚሉ ሰዓቶችና ቀለበቶች ግን በየገበያው አሉ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ያው የአሜሪካ አስተዳደር እንዲህ ያለ አንድም ሰዓት ወይም ቀለበት እንዳልፈቀደ አስታውቆ ሕዝቡ እንዳይጠቀምባቸው አስጠንቅቋል። ከውጭ አገር በዘመድ በኩል የሚላክ ሰዓት ይህን እለካለሁ ብሎ ቢመጣ በእርሱ ቁጥር የኢንሱሊን መጠን መወሰን ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል።

አንድ ሚሊቮልት ምን ያህል ነው?

ለዶክትሬት ትምህርቴ በውጭ አገር ሳለሁ ለጥቂት ወራት በሶዲየም ኤሌክትሮድ ሥራ ላይ ተሰማርቼ ነበር። ኤሌክትሮዱ በብርጭቆ ውስጥ ባለ የጨው ውኃ እጅግ በሚያስደስት ሁኔታ ይሠራ ነበር፤ ነጥቦቹ ሁሉ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይሰለፉ ነበር። በክንዴ ላይ አስሬው ደረጃ ስወጣና ስወርድ ግን መስመሩ የሰከረ ሰው ኮቴ መሰለ። መጀመሪያ የሽቦው ጥፋት መሰለኝ። ሽቦው ምንም አልሆነም።

ጉዳዩ በኔርንስት ሕግ ይብራራል። አንድን አዮን ለይቶ የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን በሁለት ፈሳሾች መካከል ሲቀመጥ በሁለቱ ወገን የሚነሣው ቮልቴጅ ከክምችቱ ሎጋሪዝም ጋር ተመጣጣኝ ነው። እንደ ሶዲየም አንድ ቻርጅ ላለው አዮን ክምችቱ ዐሥር እጥፍ በሆነ ቁጥር ቮልቴጁ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በ59 ሚሊቮልት፣ በቆዳ ሙቀት ማለትም በ33 ዲግሪ ገደማ ደግሞ በ61 ሚሊቮልት ያህል ይለወጣል። የላብ ሶዲየም በሊትር ከ30 ወደ 60 ሚሊሞል እጥፍ ቢሆን 2 በሎጋሪዝም 0.301 ስለሆነ ለውጡ 18 ሚሊቮልት ብቻ ነው። ነገሩን ገልብጠን ብናየው ደግሞ ይበልጥ ያስደነግጣል፦ የአንድ ሚሊቮልት ስሕተት የክምችቱን 4 በመቶ ያህል ያሳስታል። በሚንቀሳቀስ ክንድ ላይ የማነጻጸሪያው ኤሌክትሮድ በአምስት ሚሊቮልት ቢንሸራተት ማንም አይገረምም፤ ስሕተቱ ግን ሃያ በመቶ ደረሰ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ካረምን በኋላ እንኳ የሚቀር ነገር አለ። ላብ ከዕጢው ሲፈልቅ ጨዋማ ነው፤ በቱቦው ሲያልፍ ሰውነት ጨውን መልሶ ይመጥጠዋል። ሰውየው በብዛት ሲያልበው ላቡ በቱቦው ውስጥ የሚቆይበት ጊዜ ስለሚያጥር ጨው ሳይመለስ ይወጣል። ስለሆነም በክንዴ ላይ ያየሁት ጭማሪ ከፊሉ እውነተኛ ነበር፤ ነገር ግን የሚናገረው ስለ ላቡ ፍጥነት እንጂ ስለ ደሜ አልነበረም። የላቡን ክምችት ብቻ የሚለካና የፈሰሰበትን ፍጥነት የማይለካ መሣሪያ ግማሽ ወሬ ይዞ የሚመጣ መልእክተኛ ነው።

ተመራማሪዎች ይህን ስተው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ ዌይ ጋኦ፣ ዓሊ ጃቬይና ባልደረቦቻቸው በኔቸር መጽሔት ላይ ያቀረቡት የእጅና የግንባር ማሠሪያ ግሉኮስን፣ ላክቴትን፣ ሶዲየምንና ፖታሲየምን በአንድ ጊዜ ይለካ ነበር። ከኬሚካሎቹ ጋር የቆዳውን ሙቀትም ይለካ ስለነበር የኢንዛይሞቹን ንባብ በሙቀቱ ልክ ያርመው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2021 በአሜሪካ ለአትሌቶች ለገበያ የቀረበው የጌቶሬድ የላብ ፕላስተር ደግሞ ላቡን በቀጭን ቦይ ያስኬደዋል፤ የተሞላው የቦይ ርዝመት የላቡን መጠን ያሳያል፤ ቀለሙ የሚለወጠው ሌላው ክፍል ክሎራይዱን ያሳያል። ሁለቱንም የስልክ ካሜራ ያነባቸዋል። ባትሪ የለውም። በእኔ ግምት ከብዙ ውድ መሣሪያዎች ይልቅ የታሰበበት ነው፤ ምክንያቱም የሚጠይቀው ላብ ራሱ የሚመልሰውን ጥያቄ ብቻ ነው፦ ምን ያህል ውኃና ጨው ወጣ?

በአየር የሚወጣው

ከቆዳ በጋዝ መልክ ከሚወጡት መካከል በሕግ ፊት ሳይቀር ማስረጃ የሆነው አልኮል ነው። ሰው ከጠጣው አልኮል አንድ በመቶ ያህሉ በቆዳ በኩል ይወጣል። እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ በአሜሪካ ፍርድ ቤቶች መጠጥ የከለከሏቸው ሰዎች በቁርጭምጭሚታቸው ላይ የሚያሥሩት መሣሪያ ይህን ይለካል። የቆዳው አልኮል ከደሙ አልኮል ኋላ ቀርቶ፣ አንዳንዴም ከአንድ ሰዓት በላይ ዘግይቶ ይከተላል። እንግዲህ መሣሪያው «ጠጥቷል ወይስ አልጠጣም?» ለሚለው ጥያቄ ይበቃል፤ «በዚህች ደቂቃ መኪና ለመንዳት ይችላል?» ለሚለው ግን አይበቃም።

አሴቶን ሌላው ነው። የኢንሱሊን እጥረት የበረታበት የስኳር ሕመምተኛ ሰውነቱ ስብን ስለሚያቃጥል ትንፋሹ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል። ነገር ግን ለረጅም ሰዓት የጾመ ጤናማ ሰውም ስብ ያቃጥላልና አሴቶኑ ከፍ ይላል። ጾም በበዛበት አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚያስተዋውቅ ሰው ይህን አስቀድሞ ሊያስብበት ይገባል። በዚያ ላይ ርካሾቹ የጋዝ ዳሳሾች የሚሠሩት ከጋለ የቆርቆሮ ኦክሳይድ ነው፤ ኦክሲጅን ከገጹ ላይ ኤሌክትሮኖችን ይይዛል፣ ተቃጣይ ጋዝ ሲመጣ ይለቃቸዋል፣ የዳሳሹም ተቃውሞ ይቀንሳል። የትኛው ጋዝ እንደመጣ ግን በቅጡ አይለይም። ቡና በሚቆላበትና ዕጣን በሚጨስበት ቤት ምን ሊያነብ እንደሚችል አንባቢው ይገምተው።

ግማሽ በመቶ እርጥበት

ወደ ተነሣንበት ወደማይታየው የውኃ ትነት እንመለስ። ይህ ትነት የቆዳ ጥንካሬ መለኪያ ነው። ያለጊዜው የተወለደ ሕፃን ቆዳው ስስ ስለሆነ ውኃ በብዛት ያመልጠዋል፤ የቆሰለና የተቃጠለ ቆዳም እንዲሁ። ትነቱን መለካት ማለት አጥሩ ምን ያህል እንደፈረሰ ወይም እንደተጠገነ ማወቅ ማለት ነው።

የሚለካው በፊክ ሕግ ነው። ሕጉ የእንፋሎቱ ፍሰት የሁለት ነገሮች ብዜት ነው ይላል፦ ክምችቱ በርቀት የሚቀንስበት መጠንና የእንፋሎቱ በአየር ውስጥ የመሰራጨት አቅም። እስቲ እናስላ። ፍሰቱ በካሬ ሜትር በሰዓት 10 ግራም ይሁን፤ ይህም በሰከንድ 0.0028 ግራም ያህል ነው። የውኃ እንፋሎት በ25 ዲግሪ ሙቀትና በባሕር ጠለል ግፊት ያለው የመሰራጨት ቁጥር በሰከንድ 0.000025 ካሬ ሜትር ነው። አንዱን ለሌላው ስናካፍል በአንድ ሚሊሜትር ርቀት የ0.11 ግራም በኪዩቢክ ሜትር ልዩነት እናገኛለን። በዚህ ሙቀት የጠገበ አየር በኪዩቢክ ሜትር 23 ግራም ውኃ ስለሚይዝ በአንድ ሚሊሜትር የሚታየው የአንጻራዊ እርጥበት ልዩነት ግማሽ በመቶ ያህል ብቻ ነው። በር ከፍቶ የሚገባ ሰው የሚያመጣው ነፋስ ይህን ያጠፋዋል።

ሆኖም ተለክቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ስዊድናዊው ገርት ኒልሶን ሁለት የእርጥበት ዳሳሾችን በአንድ ክፍት ቱቦ ውስጥ በተለያየ ከፍታ አስቀምጦ ልዩነታቸውን የሚያነብ መሣሪያ አቀረበ። በዚህ ዓይነት መሣሪያ ላይ እኛን በቀጥታ የሚነካ ነገር አለ። የመሰራጨት ቁጥሩ ከአየር ግፊት ጋር በተገላቢጦሽ ይለወጣል። አዲስ አበባ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው፤ ስለዚህ እንፋሎቱ እዚህ በ1.3 እጥፍ ፈጥኖ ይሰራጫል። ከቆዳው የሚወጣውን ውኃ በዋናነት የሚገድበው ቆዳው እንጂ አየሩ ስላልሆነ ፍሰቱ ያው 10 ግራም ነው እንበል። ያን ፍሰት ለማስተናገድ ግን አነስተኛ የክምችት ልዩነት ይበቃል። በባሕር ጠለል ቁጥር የተስተካከለ መሣሪያ እንግዲህ 10ሩን 7.5 ብሎ ያነበዋል። የሕፃኑ ቆዳ ከእውነቱ ይልቅ ጤናማ መስሎ ይታያል። መሣሪያው አልተበላሸም፤ ሐኪሙም አልተሳሳተም፤ ማባዣው የሌላ አገር ነው።

እ.ኤ.አ. በ2025 በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ የጆን ሮጀርስ ቡድን በኔቸር መጽሔት ያወጣው መሣሪያ ነገሩን በሌላ በኩል ይይዘዋል። ርዝመቱ ሁለት ሴንቲሜትር፣ ወርዱ አንድ ተኩል ሴንቲሜትር ያህል ነው። ዳሳሾቹ ቆዳውን አይነኩም፤ ከቆዳው በላይ ጥቂት ሚሊሜትር ከፍ ባለች አነስተኛ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው የውኃ እንፋሎትን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድንና ተናኝ ንጥረ ነገሮችን ይለካሉ። ቁስልን ሳይነኩ ለመከታተል ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፍሏ የምትከፈትና የምትዘጋ ቫልቭ አላት፤ ፍሰቱ የሚታወቀው ቫልቩ ሲዘጋና ሲከፈት በውስጥ ያለው ክምችት ከሚለወጥበት ፍጥነት ነው።

የዚህን ዘዴ ጥቅም በራሳችን ቁጥር እንየው። ቁመቷ 4 ሚሊሜትር የሆነች ክፍል በቆዳ ላይ ብንዘጋ ያው የ0.0028 ግራም ፍሰት በእያንዳንዱ ሰከንድ ክምችቱን በኪዩቢክ ሜትር 0.7 ግራም ያህል ያሳድገዋል። በአንጻራዊ እርጥበት ሲተመን በሰከንድ 3 በመቶ ነው። ቅድም ግማሽ በመቶ ፍለጋ ስንደክም ነበር። ከዚህም በላይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ስሌት ውስጥ የመሰራጨት ቁጥሩ አልገባም፤ የገባው የክፍሏ ቁመት ብቻ ነው። ቁመቱ ደግሞ አዲስ አበባም ሆነ ጅቡቲ ያው ነው። ተናኝ ንጥረ ነገሮችን በጅምላ እንጂ በየስማቸው አለመለየቱ ግን ገና ያልተፈታ ነው።

ለመሞከር የሚፈልግ ተማሪ ውድ ዕቃ አያስፈልገውም። በኤሌክትሮኒክስ መደብር የሚገኝ አንድ አነስተኛ የእርጥበት ዳሳሽ በጠርሙስ ክዳን ውስጥ አስገብቶ በክንዱ ላይ ይድፋውና ንባቡን በየሰከንዱ ይመዝግብ። ቁልቁለቱን ከመጀመሪያዎቹ ጥቂት ሰከንዶች ይውሰድ፤ ዳሳሹ ራሱ ስንት ሰከንድ እንደሚዘገይም አስቀድሞ ይለካ። ቀጥሎ የሚከተለውን ይሥራ፦ ድሬዳዋ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ግፊቷም 88 ኪሎፓስካል ያህል ነው። በባሕር ጠለል፣ ማለትም በ101 ኪሎፓስካል፣ የተስተካከለ የኒልሶን ዓይነት መሣሪያ እዚያ 10 ግራሙን ስንት ብሎ ያነበዋል?